የዕፅዋት ጭምቅን በቁንጭር ጥገኛ ላይ መፈተሽ፦ ከቅጠሉ እስከ ፕሌቱ

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም ያው ነው፦ «ባለፈው ሳምንት አይሲ50ው 12 ነበር፣ ዛሬ 90 ሆነብኝ። ፕሌቱን ምን ነካው?» (አይሲ50 የጥገኛውን ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰው የጭምቅ መጠን ነው፤ ፕሌት ደግሞ ፍተሻው የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ሳህን።) ፕሌቱን ምንም አልነካውም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተሠራው ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ወይም ጭምቁ ሲተን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከፕሌቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል።

የምንፈትሸው የቆዳ ቁንጭርን ጥገኛ ነው፤ በአገራችን በአብዛኛው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ። ሁለት መልክ እንዳለው አትርሱ። በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ ጭራ ያለውና የሚዋኘው ፕሮማስቲጎት ነው። ሰው ቆዳ ሲገባ ማክሮፋጅ በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ክብ ይሆናል፤ ያኔ አማስቲጎት ይባላል። ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ በቀላሉ የሚራባው የመጀመሪያው ነው፤ ሰውን የሚያቆስለው ሁለተኛው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀቱን አስቀድሙ። የተቋማችሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያዙ፤ ጥገኛው ከታካሚ የተወሰደ ከሆነ ያለ ፈቃድ አትንኩት። የአካባቢው ሰው የነገራችሁን ዕውቀት ተከትላችሁ ተክል የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ወይም ናሙና ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከታችኋል፤ ወደ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሂዱ።

ሥራው በባዮሴፍቲ ደረጃ 2 ላብ፣ በክላስ 2 ካቢኔት ውስጥ ይሠራል። አየር ወደ ፊታችሁ የሚነፍሰውን ንጹሕ ጠረጴዛ ለጥገኛ አትጠቀሙ፤ ሚዲያችሁን (ጥገኛው የሚያድግበትን ፈሳሽ) ይጠብቃል እንጂ እናንተን አይጠብቅም። መርፌ ያለ ግድ አታስገቡ። ጥገኛው በመርፌ ጫፍ ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስል ማውጣት ይችላል፤ ከወጋችሁ በዚያው ቀን ለኃላፊው አሳውቁ፣ ቦታውንም ለወራት ተከታተሉ።

የከፍታው ነገር

ከውጭ የመጣ ፕሮቶኮል እዚህ ሲሠራ ለምን እንደሚንሸራተት ብዙ ሰው አያስብም። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህ ሦስት ቦታ ላይ ይገባባችኋል።

አንደኛ፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ተህዋስያንን የሚገድለው ማሽን)። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ ነው፤ እዚህ 117 ገደማ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 18 ወይም 19 መውጣት አለበት። የማሽናችሁ ልክ ይህን ካልፈቀደ በጭራሽ አታስጨንቁት፤ ጊዜውን አርዝሙና በባዮሎጂካል ኢንዲኬተር (ማሽኑ በትክክል መግደሉን በሚያሳይ የባክቴሪያ ናሙና) አረጋግጡ። በሙቀት የሚቆጣጠር አዲስ ማሽን ከሆነ ይህ ችግር የለባችሁም።

ሁለተኛ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር። 5 በመቶ ቢያሳይም ሚዲያው ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ያንሳል፤ ሚዲያው ወደ ሮዝ ያደላል። 25 ሚሊሞላር ሄፔስ (የአሲድነት ማረጋጊያ) ጨምሩ፣ ማስተካከያውንም ወደ 6 ወይም 6.5 ከፍ አድርጉት።

ሦስተኛው ብርዱ ነው። ዲኤምኤስኦ (ጭምቁን የምናሟሟበት ፈሳሽ) በ18.5 ዲግሪ ይረጋል። ጠዋት ላብ ስትገቡ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ ብታገኙት አልተበላሸም፤ በእጃችሁ አሙቁትና ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ጠብቁ። ግማሹ ረግቶ ሳለ ከላዩ የቀዱ ሰዎች ስቶካቸው (በዲኤምኤስኦ የተሟሟው ወፍራም ጭምቅ) ለምን እንደሚለያይ ሳያውቁት ተመርቀዋል።

ደረጃ 1፦ ተክሉ ማን እንደሆነ አረጋግጡ

1. ከመርካቶ የተፈጨ ዱቄት አትግዙ። ዱቄት ስም የለውም።
2. ቅጠል፣ አበባና ከተቻለ ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ እዚያው በጋዜጣ መካከል አጋድሙት። ከእንጦጦ ቆርጣችሁ በፌስታል ጠቅጥቃችሁ በታክሲ ካወረዳችሁት አራት ኪሎ የሚደርሰው ጎመን ነው።
3. አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ውሰዱ፤ በሳይንሳዊ ስሙ አስለዩትና የናሙና ቁጥር ተቀበሉ።
4. ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የተክሉን ክፍል (ቅጠል፣ ሥር፣ ልጥ) በዚያው ቀን ጻፉ።

የአማርኛ ስም ብቻውን አይበቃም። «አዞ ሐረግ» ሲባል ክሌማቲስ ሲሜንሲስም ክሌማቲስ ሂርሱታም ነው። «እሬት» ደግሞ የብዙ ዝርያ የጋራ ስም ነው፤ የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ ሥራችሁን ማንም ሊደግመው አይችልም።

ደረጃ 2፦ ማድረቅና መፍጨት

በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ በስሱ ዘርግታችሁ አድርቁ። በበጋ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን በጥላ ላደርቅ አትበሉ፣ ይሻግታል፤ በ40 ዲግሪ ምድጃ አድርቁ። የሻገተውን ጣሉት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው ነገር ራሱ ጥገኛ ሊገድል ይችላል።

ወፍጮ ቤት አታስፈጩ። ይህን የምለው አይቼ ነው፤ አንድ ጊዜ የመጣልን ዱቄት ገና ክዳኑ ሲከፈት ሁላችንንም አስነጠሰን። ከእሱ በፊት በርበሬ ተፈጭቶ ነበር። የላብ መፍጫ ከሌለ ሙቀጫና ዘነዘና ይሻላል፤ ግን ሽንኩርት ያልነካው ሙቀጫ ይሁን።

ደረጃ 3፦ መዘፍዘፍና ማትነን

1. 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፉ። 72 ሰዓት፣ በሼከር ላይ ወይም በቀን ደጋግማችሁ እየነቀነቃችሁ።
2. በንጹሕ ፋሻ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጥልሉ።
3. አተላውን በአዲስ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ድገሙት፤ ሦስቱን አንድ ላይ ቀላቅሉ።
4. በሮታሪ ኢቫፖሬተር (በቫኪዩም በሚያተነው ማሽን) ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ አትንኑ።
5. የቀረውን ውኃ በፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በሚያደርቀው ማሽን) አድርቁ።
6. መዝኑ፤ ምርቱን በመቶኛ አስሉ።

ችግር የሚመጣው 4 እና 5 ላይ ነው። ሳፖኒን የበዛበት ተክል፣ ለምሳሌ እንዶድ፣ ቫኪዩሙ ሲከፈት እንደ ሳሙና አረፋ ተነሥቶ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይገባል። ፍላስኩን ከግማሽ በታች ሙሉ፣ ቫኪዩሙን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ አረፋው አንገቱ ጋ ሲደርስ አየር ልቀቁ።

ሌላው «ደርቋል» ብሎ መቸኮል ነው። ጭምቁ እንደ ማር የሚለጠፍ ከሆነ ውስጡ ገና ውኃ ወይም ሜታኖል አለ። ውኃው ሚዛናችሁን ያሳስታል፤ የቀረው ሜታኖል ደግሞ ጥገኛውን ራሱ ይጎዳና ለተክላችሁ ያልሠራውን ሥራ ይሰጠዋል። በሁለት ተከታታይ ቀን መዝናችሁ ክብደቱ እኩል እስካልሆነ ድረስ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ከዚያ በጠባብ ብልቃጥ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡ። ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ብልቃጥ የክፍሉን ሙቀት ሳይላመድ አትክፈቱት፤ ወዲያው ከአየር እርጥበት ይስባል።

ደረጃ 4፦ ስቶክ

20 ሚሊግራም ጭምቅ በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ አሟሙ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፦ ከታች የሚዞር ፍርፋሪ ካለ አልሟሟም፤ ሶኒኬት አድርጉ (በድምፅ ሞገድ አንቀጥቅጡት)፣ ካልሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ንጹሑን ዲኤምኤስኦ በሴሉሎስ አሲቴት ወይም ናይትሬት ፊልተር አታጥሉ፣ ፊልተሩን ራሱን ያሟሟዋል፤ ማጥለል ካስፈለገ ዲኤምኤስኦ የሚችል ናይለን ፊልተር ተጠቀሙ። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፤ አንዱን ቱቦ ደጋግማችሁ አታቅልጡ።

ደረጃ 5፦ ጥገኛውን ማሳደግና መቁጠር

ሚዲያው አርፒኤምአይ 1640፣ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የተሞቀ 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም፣ 100 ዩኒት ፔኒሲሊንና 100 ማይክሮግራም ስትሬፕቶማይሲን በሚሊ ሊትር። ኢንኩቤተሩ 26 ዲግሪ። «የክፍል ሙቀት» የሚለውን የውጭ ጽሑፍ አትከተሉ፤ የእኛ ክፍል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጥገኛውም አይራባም።

ለፍተሻ የሚሆነው በ3ኛው ወይም 4ኛው ቀን ያለው፣ በጥድፊያ እየተራባ የሚዋኘው ነው። ሲከፋፈሉ እንደ ጽጌረዳ ተሰባስበው ብታዩ አትደንግጡ፣ ጤናማ ነው።

ለመቁጠር 1 እጅ ጥገኛ ያለበት ሚዲያ በ9 እጅ 2 በመቶ ፎርማሊን ቀላቅሉ፤ እየዋኘ የሚቆጠር ነገር የለም። በኒውባወር ቻምበር (የሴል መቁጠሪያ መስታወት) አራቱን የማዕዘን ካሬዎች ቁጠሩ። ድምሩ 320 ከሆነ አማካዩ 80 ነው፤ 80 ሲባዛ በ10 (የቀጠነበት) ሲባዛ በ10,000 (የቻምበሩ ማባዣ)፣ በሚሊ ሊትር 8 ሚሊዮን። ወደ 2 ሚሊዮን ለማውረድ 1 ሚሊ ሊትሩን ከ3 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ጋር ቀላቅሉ። ፎርማሊን የነካውን ወደ ፍላስኩ አትመልሱ (የመለሰ ሰው አለ)።

ደረጃ 6፦ ፕሌቱን መሙላት

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ያዙ። ዳር ያሉትን 36 ጉድጓዶች በንጹሕ ውኃ ሙሉና ተዉአቸው፤ የኛ አየር ደረቅ ነው፣ በ72 ሰዓት ዳሩ ይተንና መጠኑ ይዛባል። የምትሠሩት በመካከለኛዎቹ 60 ነው፦ ከ«ቢ» እስከ «ጂ» ረድፍ፣ ከ2 እስከ 11 ዓምድ።

1. ከስቶኩ 10 ማይክሮ ሊትር በ990 ማይክሮ ሊትር ሚዲያ፦ 200 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር፣ 1 በመቶ ዲኤምኤስኦ።
2. በቱቦ ውስጥ 500 በ500 እያደረጋችሁ አምስት ጊዜ ቀንሱ። መቀነሻው 1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ያለበት ሚዲያ ይሁን፤ አለዚያ ከጭምቁ ጋር ዲኤምኤስኦውም ይቀንሳል፣ የቱ እንደገደለ አታውቁም። በየቱቦው የፒፔቱን ጫፍ (ቲፕ) ቀይሩ።
3. ከ2 እስከ 4 ዓምድ፦ የመጀመሪያው ጭምቅ፣ 100 ማይክሮ ሊትር፣ ከላይ ወደ ታች ስድስት መጠን። ከ5 እስከ 7፦ ሁለተኛው ጭምቅ።
4. 8ኛና 9ኛ ዓምድ፦ ያው ሁለቱ ጭምቅ፣ ነገር ግን ጥገኛ የሌለበት። ይህን ዓምድ «ቦታ ይበላል» ብላችሁ እንዳትዘሉት።
5. 10ኛ ዓምድ፦ ሦስት ጉድጓድ ጥገኛ ከ1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ሚዲያ ጋር፣ ሦስት ጉድጓድ ጥገኛ ከባዶ ሚዲያ ጋር።
6. 11ኛ ዓምድ፦ ሦስት ጉድጓድ ጥገኛ ከአምፎቴሪሲን ቢ (ጥገኛውን እንደሚገድል ከታወቀው ማነጻጸሪያ መድኃኒት) ጋር፣ ሦስት ጉድጓድ ሚዲያ ብቻ።
7. ጥገኛ ለሚገባባቸው ሁሉ 2 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ከሆነው 100 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ፤ ለሌሎቹ ባዶ ሚዲያ። አሁን ከፍተኛው መጠን 100 ማይክሮግራም፣ ዲኤምኤስኦው 0.5 በመቶ፣ ጥገኛው 1 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ነው።
8. 72 ሰዓት በ26 ዲግሪ።

ጥገኛ ያለበትን ቱቦ በየደቂቃው ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፤ ቆሞ ከዋለ ይዘቅጥና የመጀመሪያው ጉድጓድ ውኃ፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል።

ማነጻጸሪያ መድኃኒት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ሐኪም ቤት ስለሚሰጥ ብቻ ፕሮማስቲጎት ላይ ማነጻጸሪያ አታድርጉት። በውስጡ ያለው ባለ አምስት ቫሌንስ አንቲሞኒ ወደ ባለ ሦስት ተለውጦ ነው የሚሠራው፤ ለውጡም ዋናው ማክሮፋጁና አማስቲጎቱ ዘንድ ነው። ፕሮማስቲጎት ላይ ደካማ ይመስላል፣ «ጭምቄ ከመድኃኒቱ በለጠ» የሚል የሐሰት ደስታም ይሰጣችኋል። ለዚህ ደረጃ አምፎቴሪሲን ቢ ይበቃል፤ ከብርሃን ጠብቁት።

ደረጃ 7፦ ቀለም ጨምሮ ማንበብ

ቀለም ከመጨመራችሁ በፊት ፕሌቱን በማይክሮስኮፕ እዩ። ይህ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ስንቱን እንዳተረፈ! ባዶው ጉድጓድ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነጥብ ካለ ባክቴሪያ ነው፣ አትቀጥሉ። በ100 ማይክሮግራም ላይ ጥገኛው ቆሞ ተኝቶ እንደሆነ፣ ዲኤምኤስኦው ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ እንደሚርመሰመስ በዓይናችሁ እዩና ጻፉ።

ከዚያ በሚሊ ሊትር 0.125 ሚሊግራም የሆነ ሬሳዙሪን 20 ማይክሮ ሊትር በየጉድጓዱ ጨምሩ። ሕያው ጥገኛ ሰማያዊውን ወደ ሮዝ ይለውጣል። ቀለሙ ከገባ 4 ሰዓት ሲሞላው ማየት ጀምሩ፤ ዲኤምኤስኦው ጉድጓድ ደማቅ ሮዝ ሲሆን በ560 አስገብታችሁ በ590 ናኖሜትር አንብቡ። ፍሎሮሜትር ከሌለ በ570 እና በ600 የብርሃን መምጠጥ ይነበባል።

ያንን 8ኛ ዓምድ ለምን እንደማልለቀው ልንገራችሁ። ሥራ ስጀምር ኤምቲቲ በሚባለው ቀለም አንድ የልጥ ጭምቅ ፈተሽኩ፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር «ሕይወቱ» ይጨምር ነበር፣ 100 በመቶ፣ 130፣ 160። ጭምቁ ጥገኛውን ይመግበዋል ብዬ ሦስት ወር ስሮጥ ቆየሁ። አንድ ቀን ጥገኛ ያልገባበት ጉድጓድ በስህተት ቀለም ነካውና ዓይኔ እያየ ወይን ጠጅ መሰለ። ለካ ጭምቁ ራሱ ቀለሙን ይለውጥ ኖሯል። ታኒንና ፖሊፌኖል የበዛበት ተክል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ሬሳዙሪንንም አይምርም። ያ ሁሉ ጥገኛ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሙት ነበር።

ደረጃ 8፦ ስሌት

ከየጭምቁ ንባብ ላይ የዚያኑ መጠን ጥገኛ አልባ ንባብ ቀንሱ። ከዲኤምኤስኦው ላይ የሚዲያውን ቀንሱ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉና በመቶ አባዙ፤ ያ በሕይወት የተረፈው ነው። አይሲ50ውን በአራት ፓራሜትር ከርቭ (የመጠንና የውጤት መስመር) አውጡ፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

ፕሌቱን የምትቀበሉት ዜድ ፕራይሙ (ሕያው ጥገኛ ያለበትና የሌለበት ማነጻጸሪያ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚለዩ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.5 በላይ ከሆነ፣ ዲኤምኤስኦ ያለበትና የሌለበት ጥገኛ ከተቀራረቡ፣ አምፎቴሪሲኑም ከገደለ ብቻ ነው። አንዱ ከጎደለ፣ የጭምቁ ከርቭ የቱንም ያህል ቢያምር ፕሌቱ ይጣላል። በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይደሉም፤ በሦስት የተለያየ ቀን ድገሙ።

ደረጃ 9፦ የሰውን ሴል ይገድላል?

ያንኑ ጭምቅ ጥገኛ በሌለበት በቲኤችፒ-1 (የሰው) ወይም በቬሮ (የጦጣ) ሴል ላይ ፈትሹና ሲሲ50 (ግማሹን ሴል የሚገድለውን መጠን) አውጡ። ሲሲ50ው ለአይሲ50 ሲካፈል ከ10 በላይ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። 1 ወይም 2 ከሆነ ያገኛችሁት መድኃኒት አይደለም፣ መርዝ ነው። የእንዶድ ሳፖኒን ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የሴል ሽፋንን ይበሳል፣ የጥገኛውም ይሁን የእናንተ አይለይም። «ላብ ላይ ገደለ» ስላላችሁ አንዲት እናት የልጇን ጉንጭ ቁስል በእንዶድ እንዳታሽ፣ ይህን ቁጥር ሳትይዙ ለማንም አታውሩ።

ደረጃ 10፦ ማክሮፋጅ ውስጥ

ደረጃ 9ን ያለፈው ጭምቅ ብቻ እዚህ ይገባል።

1. ቲኤችፒ-1 ሴልን በቻምበር ስላይድ ላይ ወደ ማክሮፋጅ በሚለውጠው ፒኤምኤ (በሚሊ ሊትር 25 ናኖግራም) ለ48 ሰዓት አስይዙ። ፒኤምኤ ዕጢ የሚያበረታታ ነገር ነው፤ ድርብ ጓንት አድርጉ።
2. እጠቡ። በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ያለ፣ መራባት ያቆመ ፕሮማስቲጎት ለአንድ ሴል 10 አድርጋችሁ ጨምሩ።
3. 24 ሰዓት በ34 ዲግሪ። የቆዳው ጥገኛ 37ን እንደ ካላዛር (የሆድ ዕቃው ሌይሽማኒያ) ጥገኛ አይወድም።
4. ያልገባውን ሦስት ጊዜ አጥባችሁ አስወግዱ፤ ጭምቁን ጨምሩ፤ 72 ሰዓት።
5. በሜታኖል አጽኑ፣ በ10 በመቶ ጊምሳ ቀለም ለ20 ደቂቃ ቀቡ።
6. በዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 ማክሮፋጅ ቁጠሩ፤ የትኛው ስላይድ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይቁጠር።

ጭምቅ ያልነካው ስላይድ ላይ ከ100 ማክሮፋጅ 70ው ካልተያዘ መቁጠር አትጀምሩ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያረጀ ጥገኛ ነው፤ በላብ ደጋግሞ የተዛወረ ጥገኛ ይዋኛል እንጂ ሴል መግባት ይረሳል። ከ10 ዝውውር በኋላ ናይትሮጅን ውስጥ ካለው አዲስ ቱቦ አውጡ።

ሲበላሽባችሁ

*ፍላስኩ ወተት መሰለ፦* ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ ጨምሮ ማዳን ይሞከራል፣ እኔ አልመክርም። ጣሉት፣ ከቀዘቀዘው ጀምሩ።

*መብራት ሄደ፦* ኢንኩቤተሩን አትክፈቱ። ፍላስኩ አንድ ሌሊት ቢቀዘቅዝ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ፕሌት ግን ሌላ ነው፤ 10ኛው ዓምድ ላይ ያለው ጥገኛ በ72 ሰዓት ቢያንስ አምስት እጥፍ ካልሆነ፣ ያልተራባ ነገር ላይ የፈተሻችሁት ውጤት አይያዝም።

*ዲኤምኤስኦው ጉድጓድ ውስጥም ሞተ፦* ስሌቱን እንደገና አስሉ። ብዙ ጊዜ 10 የተባለው 100 ተቀድቶ ነው።

*መጠኑ ሲያድግ ከርቩ ወደ ኋላ ተመለሰ፦* ጭምቁ ሚዲያው ውስጥ ረግቷል ወይም ቀለሙን ይሸፍናል። ጉድጓዱን በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ክሪስታል ካለ ያንን መጠን ከስሌቱ አውጡና ለምን እንዳወጣችሁ ጻፉ።

*ሁሉም ጭምቅ ገደለ፦* ሦስት አራት የማይገናኙ ተክሎች እኩል ከገደሉ ተጠርጣሪው የጋራ ነገራቸው ነው፦ ሜታኖሉ፣ ዲኤምኤስኦው፣ ሮታሪው ፍላስክ ላይ የቀረ ሳሙና። ዱቄት ሳታስገቡ ሜታኖሉን ብቻውን አትንናችሁ፣ የቀረውን በዲኤምኤስኦ አጥባችሁ ፈትሹት።

ማስወገድ

ፕሌቱንና ፈሳሹን በውኃ አንድ ለዘጠኝ በቀጠነ አዲስ በረኪና ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ሜታኖልና ጊምሳ በሌላ ጠርሙስ ይቀመጥ። በረኪና የነካውን አውቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ምረጡ። የረከሰ ቲፕ ያለበትን ከረጢት ከማሰራችሁ በፊት ኢንዲኬተር ቴፕ (በአውቶክሌቭ ሙቀት ቀለሙ የሚለወጥ) ለጥፉበት፣ ቀኑንም በእስክሪብቶ ጻፉበት።